ፒካፗ ስትመታ፦ ከመኪና ሥር የሚመጣ ድምፅ እንዴት ይመረመራል?

መግቢያ

በዚህ ቡሌቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራምና ስለ ሥነ ጽሑፍ ናቸው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን ስለ መኪና ነው። «ጋዜጠኝነት የምታጠና ልጅ ጋራዥ ምን ወሰዳት?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሱ አጭር ነው። ባለፈው መስቀል ሰሞን ለአንድ መካኒክ ያላረጋገጥኩትን ነገር እንደ እውነት ነግሬው አጎቴን ለማያስፈልግ ወጪ ዳርጌያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ስለቆጨኝ፣ ፒካፕ መኪና ከሥሯ «ጓ!» የሚል ድምፅ ስታሰማ ምክንያቱ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ከባለሙያ እየጠየቅሁና እያነበብኩ አጥንቻለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ማካፈል ነው። ከመካከላችን ቤተሰቡ መኪና ያለው ይጠቀምበታል፤ የሌለውም ቢሆን አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አጎቴ የሚኖሩት ወልቂጤ ነው። አንዲት ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ አለቻቸው። ከቡታጅራና ከማረቆ በኩል በርበሬ ገዝተው ወልቂጤ አምጥተው ይሸጣሉ። የማረቆ በርበሬ መቼም ስሙ በአገር የታወቀ ስለሆነ ገዢ አያጣም። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዛሬዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተዋል፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ዘቢዳር ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እንግዲህ በዚህ አገር ጭነት ይዛ የምትመላለስ መኪና ዳገትና ቁልቁለት፣ አስፋልትና ኮረኮንች፣ አቧራና ጭቃ ይፈራረቅባታል ማለት ነው። የአካባቢው ተወላጆች በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት የጀመሩት እኮ ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚህ አገር መንገድና መኪና ማለት ገበያ ነው፤ ሐኪም ቤት ነው፤ ዘመድ መጠየቂያም ነው።

መስቀል በጉራጌ እንዴት እንደሚከበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ገበያው ይደራል። አጎቴም ከበዓሉ በፊት ሁለት ሦስት ጭነት ለማምጣት አስበው ነበር። ታዲያ ልክ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መኪናዋ መምታት ጀመረች። ሾፌሩ የአጎቴ ልጅ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለአንድ ጓደኛው ሲያወራለት፣ ጓደኛው ገና ሰምቶ ሳይጨርስ «ይሄማ ዲፍረንሻል ነው፤ አለቀለት!» አለ። በማግስቱ አጎቴ «አንቺ የተማርሽው ነሽ፤ አብረሽው ሂጂና ለመካኒኩ በደንብ አስረጂልኝ» ብለው ላኩኝ።

እኔም ሄጄ ምን አልኩ? «ዲፍረንሻሉ ነው የሚመታው» አልኩ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ አልተናገርኩም። መካኒኩም አልጠየቀኝም። ያልኩትን አምኖ ዲፍረንሻሉን ፈታው። ሁለት ቀን ፈጀ። ዘይቱ ተደፋ፣ ጥርሶቹ ታዩ፣ ሁለት ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ሒሳቡ የሁለት ጉዞ ትርፍ የሚያህል ነበር። ተከፈለ። ከጋራዡ በር ወጥተን ገና ማርሽ ሲቀየር መኪናዋ «ጓ!» አለች።

አጎቴ አልተቆጡኝም። «ይሁን» ብቻ ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

2. ኃይሉ በየት በኩል ይሄዳል?

ድምፁን ከመፈለጋችን በፊት ከሞተሩ የሚነሳው ኃይል እስከ ጎማው ድረስ በምን በምን እንደሚያልፍ ማወቅ አለብን። የኋላ ጎማዋ በሚገፋት ፒካፕ ላይ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፈው ረጅም ዘንግ ወደ ኋላው ዲፍረንሻል፣ ከዲፍረንሻሉ በግራና በቀኝ አክስል ወደ ጎማዎቹ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጋራዥ አማርኛችን አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ የቃሉን ትርጉም ስናውቅ ደግሞ የዕቃው ሥራ ይገባናል። ካምቢዮ ማለት መለወጫ፣ ፍሪሲዮን ማለት ፍትጊያ ነው። ኩሽኔታ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ የሚሽከረከር ነገር የሚያርፍበት። ባሌስትራ ደግሞ እንደ ደጋን የቀስት መወርወሪያ ነው፤ የፒካፕን የኋላ ሸክም የሚችሉትን ተደራራቢ ጎባጣ ብረቶች ያየ ሰው ስሙ ይገባዋል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን ክሮቸራ ነው። ቃሉ «መስቀል» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የወጣ ነው። ዕቃውም መስቀል ነው። አራት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ በአንዲት ትንሽ የብረት ቆብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች በግሪስ ተነክረው ዙሪያውን ይደረደራሉ።

ክሮቸራ ለምን አስፈለገ? የኋላው አክስል በባሌስትራ ላይ ስለተቀመጠ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ካምቢዮው ግን ከሻንሲው ጋር ታስሮ ባለበት ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ እየዞረ መታጠፍ መቻል አለበት። ያንን የሚያስችለው በዘንጉ ጫፎች ላይ ያለው ክሮቸራ ነው። በተጨማሪም አክስሉ ሲንቀሳቀስ ርቀቱ ስለሚለዋወጥ ዘንጉ በጥቂቱ ማጠርና መርዘም አለበት፤ ለዚህ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ጥርሳም ጫፍ ተሠርቶለታል። በአንዳንድ ፒካፖች ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን መሐሉን የሚደግፍ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ አለው።

3. «ጓ!» ማለት ምን ማለት ነው?

ቡታጅራ ላይ ጋሪ የተሳፈረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ፈረሱ ሲነሳ ማሰሪያው ላላ ብሎ ከነበረ ጋሪው ወዲያው አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ማሰሪያው ይወጠራል፤ ከዚያ በድንገት ጓ! ብሎ ይነሳል። ማሰሪያው ቀድሞም የተወጠረ ከሆነ ግን መንጨቅ የለም።

መኪናም እንደዚሁ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት ክፍተት አለ፤ መኖርም አለበት፤ ያለ ክፍተት ብረት ከብረት ጋር ይጣበቃል። በዲፍረንሻል ጥርሶች መካከል እንኳ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ መገጣጠሚያ ሲበላ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ኃይሉ ጥርሶቹንና ክሮቸራውን ወደ አንድ ጎን ይገፋቸዋል። እግሩን ሲያነሳ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲያስገባ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳሉ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ብረቱ በፍጥነት ተጉዞ ሌላውን ብረት ይመታዋል። «ጓ!» የሚለው ይኸው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ድምፁ ጆሯችን ላይ ከኋላ የመጣ ቢመስልም ምክንያቱ የግድ እዚያ ላይሆን ይችላል። ዘንጉ ረጅም ብረት ነው፤ ሻንሲውም ብረት ነው፤ ድምፅን ከቦታ ወደ ቦታ ይወስዳሉ። ስለዚህ «ከየት ነው የሚመጣው?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ነው የሚመጣው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። እኔ ይህንን ያወቅሁት ከገንዘቡ በኋላ ነው።

4. ቡታጅራ ላይ የተጠየቅሁት

መኪናዋ እየመታች ቢሆንም የተከፈለበት በርበሬ ስለነበረ ወደ ቡታጅራ ወረድን። እዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ሄድን። እኔ አሁንም ካለፈው አልተማርኩም መሰለኝ፣ «ዲፍረንሻሉ ተሠርቶ ነበር፣ ግን አሁንም…» ብዬ ልቀጥል ስል እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የዕቃውን ስም ተይልኝ፤ ድምፁን ንገሪኝ» አሉ።

ከዚያ ለሾፌሩም ለእኔም እየተፈራረቁ ጥያቄ አወረዱብን። ጥያቄዎቹን ማስታወሻዬ ላይ ስለጻፍኳቸው እንዳሉ ላቅርባቸው፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ የጨመርኩት ነው።

ሀ/ አንድ ጊዜ ነው የሚመታው ወይስ እየደጋገመ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ማርሽ ሲገባ ወይም ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሳ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ክፍተት በዝቷል ማለት ነው። እየደጋገመ ከሆነ የሚሽከረከር ነገር ተበላሽቷል።

ለ/ እየደጋገመ ከሆነ መቁጠር ይቻላል ወይስ አይቻልም? ይህቺ ጥያቄ በጣም ነው ያስገረመችኝ። የፒካፕ ጎማ ዙሪያው 2.2 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሴኮንድ ከአንድ ዙር ትንሽ ከፍ ይላል። ዘንጉ ግን በዲፍረንሻሉ ምክንያት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር በሴኮንድ አምስት ዙር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ በዝግታ ስትነዱ ድምፁን «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ብላችሁ መቁጠር ከቻላችሁ ከጎማ ወይም ከአክስል በኩል ነው። ለመቁጠር የማይመች ፈጣን ከሆነ ከዘንጉ በኩል ነው።

ሐ/ ነዳጅ ስትሰጥና ስትተው ድምፁ ይለወጣል? ከተለወጠ ከኃይል ማስተላለፊያው ነው። ምንም ሳይለወጥ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚመታ ከሆነ ግን ሾክ አብዞርበሩን፣ የባሌስትራውን ጎሚኒ፣ ከጭነቱ ሥር የተንጠለጠለውን ተጠባባቂ ጎማ፣ አልፎ ተርፎም ከወንበር ኋላ የተጣለውን ክሪክ መፈተሽ ይቀድማል። አንዳንዱ ሰው በክሪክ ምክንያት ካምቢዮ አስፈትቷል ቢባል አይገርመኝም!

መ/ መኪናዋ እየሄደች ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይቆማል? ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ይለያል፤ ዘንጉ ግን ከጎማው ጋር መዞሩን ይቀጥላል። እየደጋገመ የሚመታው ድምፅ ፍሪሲዮን ተረግጦም ካልቆመ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ባለው ላይ እናተኩራለን።

ሠ/ ስትታጠፍ ይብሳል? ቀጥታ ስትሄድ ዝም ብላ መታጠፊያ ላይ ብቻ ከመታች፣ ያኔ ዲፍረንሻል መጠርጠር ይገባል፤ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርጉት ትንንሾቹ ጥርሶች የሚሠሩት ሲታጠፍ ስለሆነ ነው። አራቱም ጎማ በሚሠራባት ፒካፕ ላይ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሥራ ፒካፖች በፊትና በኋላ አክስል መካከል ዲፍረንሻል የላቸውም። ሾፌሩ ከጭቃ ወጥቶ አራቱን ሳያላቅቅ ደረቅ አስፋልት ላይ ከታጠፈ ዘንጎቹ ይጨናነቁና ይመታሉ። ይህ የአነዳድ እንጂ የዕቃ ብልሽት አይደለም።

እኛ የመለስነው እንዲህ ነበር፦ ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲገባ አንድ ጊዜ በኃይል ትመታለች። በዝግታ ስትሄድ ደግሞ የወፍ ጫጩት የመሰለ «ሲጥ ሲጥ» የሚል ፈጣን ድምፅ አለ፤ ለመቁጠር አይመችም። ፍሪሲዮን ቢረገጥም አይቆምም። ስትታጠፍ አይብስም። ሲጥ ሲጡን የነገራቸው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ይሰማው ነበር። እኔ አልጠየቅሁትም ነበራ!

5. ከመኪናው ሥር

መካኒኩ ወዲያው መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ ለጥንቃቄ ያደረጉትን ልንገራችሁ፤ ማንም ሰው ያለዚህ መኪና ሥር መግባት የለበትም። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬን ተያዘ። በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ትላልቅ ድንጋይ ተደረገ። የጢስ መውጫው እስኪበርድ ተጠበቀ። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ግን እንኳን ሰው እጅም አይገባም አሉን።

ከዚያ ማርሹ አንደኛ ላይ እንዲሆን አደረጉ። እንግዲህ ዘንጉ በፊት በካምቢዮው፣ በኋላ በጎማው ተይዟል ማለት ነው። ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረጉት። ምርመራው የሚሠራው እንዲህ ነው፦

- የክሮቸራው አንዱ ጎን ሲንቀሳቀስ ሌላው ጎን ባለበት ከቆመ ክሮቸራው ተበልቷል። ጤነኛ ክሮቸራ በሁሉም አቅጣጫ ይታጠፋል እንጂ በመካከሉ ልቅነት አይኖረውም።
- ክሮቸራዎቹ ደህና ሆነው ዘንጉ በሙሉ ከነመገጣጠሚያው ሰፊ ርቀት ከዞረ በኋላ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ክፍተቱ ከዲፍረንሻል ወይም ከአክስል በኩል ነው። ነገር ግን ጎማ በኩል ያለች ትንሽ ክፍተት ዘንጉ ላይ አራት እጥፍ ያህል ሆና ስለምትታይ ትንሽ መዞሩ ብቻውን አያስፈርድም።
- የሚንሸራተተው ጥርሳም ጫፍ ግሪስ ካለቀበት ልቅነት ላይኖረው ይችላል፤ ግን መኪናዋ ስትቆምና ስትነሳ ይይዝና በድንገት ይለቃል። ይህ ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ግሪስ ሲደረግለት የሚድን ነው።
- ዘንጉን ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ከላሉም እንደዚሁ ይመታል። የላላ ብሎን ዙሪያው ተፍቆ ያብረቀርቃል ወይም የዝገት መስመር ይሠራል።
- ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የያዙት፣ እንደ «ሀ» ፊደል የታጠፉት ብሎኖች ከላሉ ነዳጅ ሲሰጥ አክስሉ ራሱ ይንሸራተታል፤ ድምፁም ከባድ ነው። ከመጠን በላይ የምትጭን ፒካፕ ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል።
- ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡባቸው ጎማዎች ከተቀደዱ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ የማርሹ ዘንግ ይዘላል። ይህ የሚታየው አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ፍሬን ረግጦ ማርሽ ሲያስገባ፣ ሌላው ከጎን ቆሞ ሲመለከት ነው። ከጎን እንጂ ከሥር ወይም ከፊት አይደለም።

በእኛዋ መኪና ላይ የፊተኛው ክሮቸራ ደህና ነበር። የኋለኛው ግን፣ ዲፍረንሻሉ አፍንጫ ላይ ያለው፣ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ማዶው ዝም አለ። መካኒኩ ጠሩኝና «ነይ እዪው» አሉኝ። ከቆቡ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ተረጭቶ ነበር። እኔ በርበሬ ነው የመሰለኝ፤ ሁልጊዜ በርበሬ የምትጭን መኪና ናታ! እሳቸው ሳቁ። ዝገት ነው። ግሪሱ ሲያልቅ መርፌዎቹ እርስ በርሳቸው እየተፈጩ የሚወጣ የብረት ዱቄት ነው። ሲጥ ሲጥ ይል የነበረውም እሱ ነው። ሲፈታ ከአራቱ ቆቦች በአንደኛው ውስጥ መርፌ የሚባል አልቀረም፤ የመስቀሉ ጫፍ ራሱ ተቦርቡሮ ነበር።

ተመልከቱ እንግዲህ፣ ክሮቸራው ከዲፍረንሻሉ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ሻይ ቤት የነበረው ሰው ሰፈሩን አላጣውም፤ ቤቱን ነው ያጣው።

6. ባይገኝ ኖሮስ?

ክሮቸራ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከዲፍረንሻሉ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገሩ ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም። የተበላ ክሮቸራ በመጨረሻ ይሰበራል። የኋለኛው ሲሰበር ዘንጉ እየዞረ ይወድቅና የፍሬን ቱቦውን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን፣ ያገኘውን ሁሉ ይመታል። የፊተኛው ከተሰበረ ደግሞ የዘንጉ ጫፍ መሬት ሊወጋና መኪናዋን ከኋላ ሊያነሳት ይችላል። ዘንጉ ከተለየ ሞተሩ ጎማውን መግፋትም መያዝም አይችልም፤ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ የሚባል ነገር አይኖርም። እኛ በዚያች መኪና ቁልቁለት እየወረድን ነው ቡታጅራ የደረስነው። ከኋላ በጆንያው ላይ ሁለት ጫኝ ልጆች ተቀምጠው ነበር። ይህንን ሳስበው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

መካኒኩ ዘንጉን ከመፍታታቸው በፊት በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «እንደነበረ ካልገጠምሽው ሌላ በሽታ ትፈጥሪያለሽ» አሉኝ። በኋላ እንዳነበብኩት የታጠፈ ክሮቸራ የሚያስተላልፈው ዙር ወጥ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቸራ ይህንን የሚያካክሰው የሁለቱ ሹካዎች አቀማመጥ ከተገጣጠመ ብቻ ነው። ይህንን ባሕርይ ያጠናው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ዘንጉ ተዛንፎ ከተገጠመ አዲስ ክሮቸራ ቢሆንም መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።

7. ለወደፊቱ

እንደ እኛ አገር ባለ አቧራና ጭቃ ውስጥ ለምትሠራ ፒካፕ ሦስት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ የግሪስ ማስገቢያ ያላቸው ክሮቸራዎችና የሚንሸራተተው ጫፍ የመኪናው መመሪያ ባዘዘው ጊዜ፣ ወንዝ ከተሻገረች ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ግሪስ ይደረግላቸው። ሁለተኛ፣ ባሌስትራ ከተሠራ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በጭነት ከተሄደ አቃፊ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቁ። ሦስተኛ፣ ዲፍረንሻል ከመፈታቱ በፊት ዘይቱ ይታይ። በዘይቱ ውስጥ የብረት ስብርባሪ ከሌለ፣ ጉምጉምታ ከሌለ፣ መታጠፊያ ላይ ካልባሰ፣ መጀመሪያ ሌላውን መመርመር ይሻላል። የእኛ መኪና ዘይት ሲደፋ ንጹሕ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ሰው የመጀመሪያውን መካኒክ ይወቅስ ይሆናል። እኔ ግን መውቀስ ይከብደኛል። መጠየቅ ነበረበት፤ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን አይደለም የነገርኩት፤ ሌላ ሰው የደረሰበትን ድምዳሜ ነው። ያውም መኪናዋን ያላያትን ሰው ድምዳሜ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በመጀመሪያው ዓመት ተምረን ተፈትነንባቸዋል፤ እኔም ጥሩ ውጤት አግኝቼባቸዋለሁ። ጋራዥ በር ላይ ስቆም ግን አንዷም ትዝ አላለችኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሲጥ ሲጥ» ሲሰማ የነበረው ሾፌር አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያለ ሻይ ቤት የነበረውን ሰው አመንኩ። ነገ ሬዲዮ ላይ ወይም ጋዜጣ ላይ ስንሠራ የምናደርሰው ጉዳት ከአንድ ዲፍረንሻል የሚበልጥ ይሆናል።

ስለዚህ መኪናችሁ ስትመታ ወደ መካኒክ የምትወስዱት የዕቃ ስም አይሁን። መቼ እንደምትመታ፣ ስንት ጊዜ እንደምትመታ፣ ምን ሲደረግ እንደሚብስና ምን ሲደረግ እንደሚጠፋ ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ማውጣት የእሱ ሥራ ነው።

አጎቴ የመስቀሉን ገበያ በአንድ ጭነት ብቻ ነው ያለፉት። አሁን በመኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች፤ ገዝቼ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጅ አዲስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀኑንና ሁኔታውን ይጽፍባታል። ባለፈው ቤት ስሄድ አጎቴ ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «አሁን ነው የተማርሽው» አሉኝ። ቸር ይግጠመን።